ተራው የማን ነው? ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወረፋውን የሚያወጣበት መንገድ



በዚህ እትም የትምህርት ገጻችን ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ አንድ ምዕራፍ መርጠናል፦ ሲፒዩን የሚጠብቁ ፕሮሰሶች የሚሰለፉበትን ወረፋ። የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ተማሪዎች ለፈተና ትፈልጉታላችሁ። የጤና፣ የማኔጅመንትና የሕግ ተማሪዎችም ገጹን አትለፉት። ነገ በምትሠሩበት ጤና ጣቢያ፣ ባንክ ወይም ፍርድ ቤት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃችኋል፤ ተራውን የምታወጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ከመጀመሪያው አንድ ነጥብ እንያዝ። ወረፋ ሲባል ብዙዎቻችን "ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ" የሚለው ብቻ ይታየናል። ይህ ግን ከብዙ ምርጫዎች አንዱ ነው። እያንዳንዱ የወረፋ አሠራር አንዱን ሲያፈጥን ሌላውን ያቆያል፤ ለሁሉም የሚመች ወረፋ የለም። ስለዚህ ወረፋ ከመሥራታችን በፊት የምንመልሰው ጥያቄ አለ፦ ቢጠብቅ የሚጎዳው ማን ነው? ቢጠብቅ የሚችለውስ?

1. ማታር፣ ወንዙ ዳር

ማታር በጋምቤላ ክልል፣ በኑዌር ዞን፣ የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ ናት። የምትገኘው ባሮ ወንዝ አጠገብ፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር በሚጠጋው ቆላ ነው። ክረምት ገብቶ ሜዳው ውኃ ሲይዝ የመኪና መንገዱ ይቸግራል፤ ሰውም ዕቃም በጀልባ ይሄዳል። ትምህርቱን በዚህ ቦታ ምሳሌ እናስኪደው።

በጀልባ መቆሚያው አንድ ጫኝና አውራጅ ብቻ አለ እንበል። አራት ደንበኞች በአንድ ጊዜ ገደማ ደረሱ። ነጋዴው 20 ጆንያ፣ አስተማሪዋ 4 ሻንጣ፣ ተማሪው 2 ካርቶን፣ አንዲት እናት ደግሞ 2 ጥቅል ይዘዋል። አንዱን ዕቃ ጀልባ ላይ ለማድረስ አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንመልሰው። ጫኙ ሲፒዩ ነው። ደንበኞቹ ፕሮሰሶች ናቸው። "ቀጥሎ የእገሌን አንሳ" የሚለው ሰው ስኬጁለር ይባላል። ዕቃቸውን አዘጋጅተው ጫኙን ብቻ የሚጠብቁት ደግሞ የዝግጁዎች ወረፋ ናቸው።

ከዛፉ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሌሎች ሰዎችም አሉ። እነሱ የሚጠብቁት ጀልባቸውን ነው። ጫኙ ሥራ ቢፈታ እንኳ ለእነሱ የሚያደርገው ነገር የለም። ኮምፒውተር ውስጥም ከዲስክ ፋይል እስኪነበብለት፣ ከኔትወርክ መልእክት እስኪደርሰው ወይም ተጠቃሚው ቁልፍ እስኪነካ የሚቆይ ፕሮሰስ አለ። ይህ የጠባቂዎች ወረፋ ነው። ሁለቱን ወረፋዎች መለየት የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አንድ ላይ ቢደባለቁ ስኬጁለሩ ዘወር ባለ ቁጥር "አንተ ዝግጁ ነህ?" እያለ ሲጠይቅ ይውላል።

2. አንዱን ሰልፍ በሦስት መንገድ

እነዚያኑ አራት ደንበኞች ይዘን ሦስት አሠራር እንሞክር። የምንለካው እያንዳንዱ ሰው ዕቃው ተጭኖ እስኪያልቅ ድረስ ጫኙ ሌላ ሰው ጋ ሳለ የጠበቀውን ጊዜ ነው።

ሀ) ቀድሞ የመጣ ቀድሞ። ነጋዴው በአንድ እርምጃ ቀደመ እንበል። እሱ ምንም አይጠብቅም። አስተማሪዋ 20 ደቂቃ፣ ተማሪው 24፣ እናትየዋ 26 ደቂቃ ይቆማሉ። ድምሩ 70፣ አማካዩ 17.5 ደቂቃ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ማንም ተራውን አያጣም፤ ክርክርም አያስነሳም። ነገር ግን ሁለት ጥቅል የያዘች ሴት ከሃያ ጆንያ ኋላ ቆማለች።

ለ) አጭር ሥራ ያለው ይቅደም። ተማሪው 0፣ እናትየዋ 2፣ አስተማሪዋ 4፣ ነጋዴው 8 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ድምሩ 14፣ አማካዩ 3.5 ነው። ሁሉም አንድ ላይ ከደረሱ ከዚህ ያነሰ አማካይ የሚሰጥ ቅደም ተከተል የለም፤ ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕሮሰስ ወረፋ ሲገባ የሥራው ርዝመት ግንባሩ ላይ አልተጻፈም፤ ስኬጁለሩ ካለፈው ልማዱ ተነሥቶ ይገምታል። ሁለተኛ፣ ጥቅል የያዙ ሰዎች ሳያቋርጡ ከመጡ ነጋዴው እስከ ማታ ይቆማል።

ሐ) በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት። ጫኙ ከእያንዳንዱ ሰው ቢበዛ 4 ዕቃ ብቻ አንሥቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ያልጨረሰ ሰው ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ይህ ራውንድ ሮቢን ነው፤ አራቱ ደቂቃ ኳንተም ይባላል። ነጋዴው 8፣ አስተማሪዋ 4፣ ተማሪው 8፣ እናትየዋ 10 ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ አማካዩ 7.5 ነው። ኳንተሙን ወደ 2 ብናወርደው ነጋዴው 8፣ አስተማሪዋ 8፣ ተማሪው 4፣ እናትየዋ 6 ይሆናል፤ አማካዩ 6.5። ወረቀት አውጡና እናንተም ሥሩት፤ ፈተና ላይ የሚመጣው ይኸው ነው።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህን አሠራር እናውቀዋለን። ኡስታዙ አንዱን ተማሪ ጥቂት አያ አሰምቶ "ሂድና ድገመው" ይለዋል፤ ቀጣዩን ይጠራል። ሙሉ ጁዝ ያለው ተማሪ ሌሎቹን አያስቀራቸውም።

ታዲያ ኳንተሙን እያሳጠሩ መሄድ ለምን አይበጅም? ጫኙ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲዛወር የሚራመደው መንገድ ስላለ ነው። ሲፒዩም ከፕሮሰስ ወደ ፕሮሰስ ሲዛወር የአንደኛውን ሁኔታ መዝግቦ የሌላውን ማንሣት አለበት፤ ይህ ኮንቴክስት ስዊች ነው። ለምሳሌ አንዱ ዝውውር 0.1 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ኳንተሙ 2 ሚሊሰከንድ ሲሆን ከጠቅላላው ጊዜ 5 በመቶ ገደማ በመዛወር ይጠፋል። ኳንተሙን ራሱን 0.1 ብናደርገው ግማሹ ጊዜ በዝውውር ያልቃል። ጫኙ ቀኑን ሙሉ ሲራመድ ይውላል እንጂ አይጭንም።

3. ቅድሚያ የሚገባውና ተራው የማይደርሰው

አሁን ሕመምተኛ የያዘ ቤተሰብ ወደ መቆሚያው መጣ እንበል። ይቅደም ቢባል የሚከራከር የለም። ስለዚህ ሁለት ሰልፍ እናበጃለን፦ አንድ የአስቸኳይ፣ አንድ የመደበኛ። አስቸኳዩ ባዶ ሳይሆን መደበኛው አይነካም። ይህ የቅድሚያ ወረፋ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው አስቸኳዩ ሰልፍ ባዶ ሳይሆን ሲቀር ነው። የመደበኛው ሰው ማንም "አትስተናገድም" አላለውም፤ ተራው ግን አይደርስም። በእንግሊዝኛው ስታርቬሽን፣ ረኃብ ማለት ነው፣ የሚባለው ይህ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የሚተረክ አንድ ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤምአይቲ አይቢኤም 7094 ኮምፒውተሩን ሲዘጋ፣ በ1967 ገብቶ ዝቅተኛ ቅድሚያ ስለተሰጠው እስከዚያ ቀን ያልተሠራ ሥራ ተገኘ ይባላል።

መድኃኒቱ ዕድሜን መቁጠር ነው። ብዙ የጠበቀ ፕሮሰስ ቅድሚያው ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ዊንዶውስ 32 የቅድሚያ ደረጃ አለው፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ የዝግጁዎች ወረፋ ተሠርቶለታል። ዝግጁ ሆኖ 4 ሰከንድ ያህል ተራ ያጣ ሥራ ካለ ለአጭር ጊዜ ወደ 15ኛው ደረጃ ያነሣዋል። ባይሆን እንኳ እጁ የያዘውን ጨርሶ እንዲለቅ ነው።

ሌላው መንገድ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 በኤምአይቲው ሲቲኤስኤስ ሲስተም ያስተዋወቁት ባለ ብዙ ደረጃ ወረፋ ነው። ኮርባቶ በ1990 የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል። ሐሳቡ ዛሬ በምንማርበት መልኩ ሲነገር እንዲህ ነው። አዲስ የመጣ ፕሮሰስ ከላይኛው ወረፋ ይጀምራል። ኳንተሙን ሙሉ በሙሉ ከጨረሰ ረጅም ሥራ ያለው ነውና አንድ ደረጃ ይወርዳል። ሳይጨርስ ራሱ ከለቀቀ፣ ለምሳሌ የተጠቃሚውን ጽሕፈት ለመጠበቅ ከሆነ፣ ባለበት ይቆያል። በየተወሰነ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ወደ ላይ ይመለሳል፤ ታች ያለው ለዘላለም ታች እንዳይቀር። እንግዲህ ስኬጁለሩ "ሥራህ ስንት ደቂቃ ነው?" ብሎ ሳይጠይቅ ከጠባዩ አውቆ አጭሩን አስቀደመ ማለት ነው።

ሕግ ካለ ግን ሕጉን የሚያጠና ብልጣ ብልጥም አለ። አንድ ሲፒዩ በላተኛ ፕሮግራም ኳንተሙ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሆን ብሎ ለቅቆ ወዲያው ቢመለስ፣ ከላይኛው ወረፋ ሳይወርድ ሲፒዩውን ጠቅልሎ ይይዛል። በሲቲኤስኤስ ዘመን አንድ ተጠቃሚ ተርሚናሉ ላይ የመስመር መመለሻ ቁልፏን አልፎ አልፎ ሲጫን ሥራው እንደሚፈጥን ደርሶበት ለጓደኞቹ ሁሉ እንደነገራቸው ይተረካል። መልሱ የሚለካውን መቀየር ነው። በአንድ ዙር የተጠቀመውን ብቻ ትቶ በዚያ ደረጃ ላይ በጠቅላላ የተጠቀመውን ደምሮ መያዝ።

4. ወረፋው በምን ይሠራ?

እስካሁን ያነሣነው ማን ይቅደም የሚለውን ነው። ፕሮግራም ስንጽፍ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ወረፋው በማስታወሻ ውስጥ ምን ቅርጽ ይኑረው?

ያልተደረደረ ዝርዝር ብንጠቀም ማስገባት ቀላል ነው፤ መጨረሻው ላይ መቀጠል ነው። ከሁሉ የሚቀድመውን ለመምረጥ ግን ሁሉንም ማየት አለብን። 1000 ፕሮሰስ ካለ 1000 ጊዜ መጠየቅ ነው። የተደረደረ ዝርዝር ብንጠቀም መምረጥ ይቀላል፤ ማስገባት ይከብዳል። ሚዛን የሚጠብቅ ዛፍ ብንጠቀም ሁለቱም መካከለኛ ይሆናሉ።

ይህ የወረቀት ላይ ክርክር ብቻ አይደለም፤ የሊኑክስ ታሪክ ራሱ ነው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊኑክስን በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ስለዚህ ታሪኩ ቅርባችን ነው።

ሊኑክስ 2.4 አንድ የጋራ ዝርዝር ነበረው። ስኬጁለሩ በተጠራ ቁጥር ዝርዝሩን ከዳር እስከ ዳር ያይ ነበር። ጥቂት ፕሮሰስ ላለው ኮምፒውተር ግድ አልነበረውም፤ ለትልልቅ ሰርቨሮች ግን ሸክም ሆነ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 በወጣው ሊኑክስ 2.6 የኢንጎ ሞልናር ኦ(1) ስኬጁለር ተተካ። ወረፋው ወደ 140 ሰልፎች ተከፈለ፤ 100ው ለሪልታይም፣ 40ው ለተራ ሥራ። የትኛው ሰልፍ ሰው እንዳለው የሚያሳይ የ140 ቢት ሰሌዳ ተደረገ። ስኬጁለሩ ሰሌዳውን አይቶ ከላይኛው ሰው ካለበት ሰልፍ የመጀመሪያውን ይወስዳል። ፕሮሰሱ አሥርም ሆነ አሥር ሺህ የመምረጫው ጊዜ አንድ ነው። ኳንተሙን የጨረሰ ወደ ሌላ ማኅደር ይገባል፤ የመጀመሪያው ሲያልቅ ሁለቱ ማኅደሮች ስም ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ሁሉም ሳይዳረስ ማንም ሁለተኛ አይስተናገድም። አዘውትረው ተጠቃሚን የሚያነጋግሩ ፕሮሰሶች ብቻ ከዚህ ሕግ ወጣ ይደረጉ ነበር።

ፍጥነቱ ተገኘ፤ አዲስ ችግርም መጣ። የትኛው ፕሮሰስ ተጠቃሚውን እንደሚያነጋግር በግምት የሚለየው ክፍል እየተወሳሰበ ሄደ፤ አንዳንዴም ይስታል፤ ድምፅና ምስል ይቆራረጣል። ኮን ኮሊቫስ የተባለ፣ በሙያው የማደንዘዣ ሐኪም የሆነ አውስትራሊያዊ፣ ግምቱን ትቶ እኩል ማካፈል እንደሚበቃ የሚያሳይ ስኬጁለር ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሞልናር ሲኤፍኤስ የተባለውን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ከሊኑክስ 2.6.23 ጋር ወጣ። ሲኤፍኤስ ሰልፎቹን አፍርሶ አንድ ቀይና ጥቁር ዛፍ ተከለ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የተጠቀመው የሲፒዩ ጊዜ ይመዘገባል፤ ትንሽ የተጠቀመው በግራ፣ ብዙ የተጠቀመው በቀኝ ይቀመጣል። ተራው ሁልጊዜ የግራ ጫፉ ነው። 1000 ፕሮሰስ ላለው ዛፍ ማስገባት ቢበዛ 20 ያህል ንጽጽር ይፈጃል። ከኦ(1) ይልቅ ትንሽ የዘገየ ወረፋ ነው፤ ፍትሐዊነቱ ግን በግልጽ የሚለካ ሆነ፤ በዚህም ተመረጠ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በወጣው ሊኑክስ 6.6 ደግሞ ሲኤፍኤስ ለኢኢቪዲኤፍ ቦታውን ለቀቀ። የዚህ ሐሳብ መነሻ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጻፈ ጥናት ነው። "ስንት ድርሻ አለህ?" ከሚለው ጋር "እስከ መቼ ሊደርስህ ይገባል?" የሚለውን ይጨምራል። ድርሻው ትንሽ ሆኖ መልሱ ግን ቶሎ የሚያስፈልገው ፕሮሰስ አለና።

ለላቦራቶሪ የሚጠቅም አንድ ነገር፦ በሊኑክስ ላይ "ናይስ" የሚባል ትእዛዝ አለ። ዋጋው ከ-20 እስከ 19 ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፕሮሰሱ ለሌሎች ይለቅቃል። በአንድ ኮር ላይ አንዱ በ0፣ ሌላው በ5 ቢሮጡ የመጀመሪያው ሦስት እጅ፣ ሁለተኛው አንድ እጅ ያህል ያገኛሉ። ሰዓታት የሚፈጅ ሲሙሌሽን በጋራ ኮምፒውተር የምታስኬዱ ከሆነ ናይሱን ከፍ አድርጋችሁ አስጀምሩት፤ አጠገባችሁ ሪፖርት የሚጽፈው ጓደኛችሁ አይንገላታም። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ለማንም ክፍት ነው፤ ዝቅ ማድረግ ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። መልቀቅ ነፃ ነው፤ መቅደም ፈቃድ ይሻል።

5. አንድ ሰልፍ ወይስ ብዙ?

ዛሬ ስልካችን እንኳ ብዙ ኮር አለው። ማታር ላይ አራት ጫኞች ቢኖሩ ሁሉም ከአንድ ሰልፍ ይውሰዱ ወይስ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሰልፍ ይኑራቸው?

አንድ ሰልፍ ሚዛናዊ ነው። ሰው እያለ ጫኝ አይፈታም። ባንክ ቤት ቁጥር ቆርጠን ተቀምጠን የትኛውም መስኮት ሲጠራን የምንሄደው በዚህ አሠራር ነው። በኮምፒውተር ግን የጋራ ወረፋ በአንድ ጊዜ በሁለት ኮር ከተነካ ይበላሻል፤ ስለዚህ ይቆለፋል። 64 ኮሮች አንዷን ቁልፍ ሲጠብቁ ወረፋ ለማየት ራሱ ወረፋ ይሆናል። ከዚህም በላይ ፕሮሰስ ሲሠራበት የነበረው ኮር ካሽ ውስጥ ዕቃውን አስቀምጧል፤ ወደ ሌላ ኮር ሲላክ እንደገና ይጀምራል።

በየኮሩ ሰልፍ ማድረግ ይህን ያቃልላል፤ አለመመጣጠንን ግን ያመጣል። ምን እንደሚመስል ከዚያው ከጋምቤላ እንመልከት። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ ስደተኞች ወደ ክልሉ የገቡት በአንድ በር አልነበረም፤ በፓጋክ፣ በቡርበይና በአኮቦ በኩል ነበር። በየበሩ ምዝገባ አለ፤ ከዚያ ወደ ካምፕ መጓጓዝ አለ። ብዙ በር ሲኖር ሁሉም በአንድ ቦታ አይጨናነቅም። ነገር ግን የሰው ጎርፍ ለሁሉም በር እኩል አይመጣም፤ አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ይቀልለታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ደግሞ ወንዝና ረግረግ አቋርጦ ነው። ማዛወር ዋጋ አለው፤ አለማዛወርም ዋጋ አለው።

ሊኑክስ በየኮሩ ወረፋ መርጦ፣ ሥራ የፈታ ኮር ከጎረቤቱ ወረፋ ሥራ እንዲወስድ ያደርጋል። ይህ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረበ ታዋቂ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በአንዳንድ ኮሮች ላይ ፕሮሰሶች ተደርድረው ሳለ ሌሎች ኮሮች ሥራ ፈትተው የሚቀመጡበትን ስሕተት በሊኑክስ ውስጥ አገኙ፤ ጽሑፋቸውንም "የባከኑ ኮሮች አሥር ዓመት" የሚል መንፈስ ባለው ርእስ አወጡ። ማሽኑ አይቆምም፤ የስሕተት መልእክትም አይሰጥም። ስለዚህ ለዓመታት ሳይታይ ቆየ።

6. ከዛፉ ሥር ያሉት

ጀልባቸውን ወደሚጠብቁት እንመለስ። አንድ ባዶ ቦታ ያለው ጀልባ መጣ እንበል። "ጀልባ መጣ!" ተብሎ ቢጮህ ሃምሳ ሰው ይነሣል፣ ይጋፋል፣ አንዱ ይገባል፣ አርባ ዘጠኙ ተመልሶ ይቀመጣል። ኮምፒውተርም አንድ ጥያቄ በመጣ ቁጥር የሚጠብቁትን ፕሮሰሶች ሁሉ ከቀሰቀሰ ሲፒዩ በከንቱ ይደክማል። ስለዚህ የጠባቂዎች ወረፋ ሲሠራ "ሁሉን ቀስቅስ" እና "አንዱን ቀስቅስ" ተለይተው ይጻፋሉ።

የሚከብደው ግን ሁለቱ ወረፋዎች ሲያያዙ ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ አስቸኳይ ሕመምተኛ ከፊት ተኝቷል፤ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ከረጅሙ ሰልፍ ኋላ ተሰልፏል። ሕመምተኛው የፈለገውን ያህል ቅድሚያ ይኑረው፣ የሚጠብቀው የዚያን የኋለኛውን ሰው ተራ ነው። ይህ የቅድሚያ መገለባበጥ ይባላል።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር የገጠማት ይኸው ነው። ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው የአየር ሁኔታ መረጃ ሥራ የጋራውን ቁልፍ ይዟል፤ ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ያንን ቁልፍ ይጠብቃል፤ መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ሥራዎች ደግሞ ቁልፍ የያዘውን እየቀደሙ አላሠራ አሉት። ተቆጣጣሪው ሰዓት ከፍተኛው ሥራ በጊዜው እንዳልተፈጸመ ሲያይ ኮምፒውተሩን ደጋግሞ አስነሣው። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው አንድ ምርጫ አበሩ፦ ቁልፍ የያዘ ሰው፣ የሚጠብቀውን ሰው ቅድሚያ ይውረስ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ቆመ። ለጤና ጣቢያውም መልሱ አንድ ነው፤ ሕመምተኛውን ለማስቀደም ቁልፍ የያዘውን አስቀድሙት።

7. ዕጣ የሚያወጣ ወረፋ

በመጨረሻ የምናየው ወረፋ ሰልፍ የለውም። ካርል ዋልድስፐርገርና ዊልያም ዋይል እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት የዕጣ ስኬጁሊንግ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ትኬት ይሰጠዋል፤ በየኳንተሙ ዕጣ ይወጣል፤ የወጣለት ይሠራል። ብዙ ትኬት ያለው ብዙ ጊዜ ይወጣለታል፤ አንድ ትኬት ያለውም ተስፋ አይቆርጥም። ከ10 ትኬት አንዱን የያዘ ፕሮሰስ 20 ጊዜ ዕጣ ወጥቶ አንዴም ሳይደርሰው የመቅረቱ ዕድል 12 በመቶ ነው፤ በ50 ዕጣ ግማሽ በመቶ ገደማ ይሆናል።

ይህን ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለተመዘገቡ ሰዎች ሲተላለፍ የነበረው በዕጣ ነው። ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተለይቶ ነበር፤ ዕጣውም ቅድሚያም አንድ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉ። በኮምፒውተሩ ዕጣ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ስለዚህ ዕድል በፍጥነት ይስተካከላል። የቤቱ ዕጣ ግን ይወጣ የነበረው አልፎ አልፎ ነው። አንድ አሠራር በሚሊሰከንድ ፍትሐዊ ስለሆነ በሰው ዕድሜ ሲለካም ፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም።

ሌላም ትምህርት አለው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በኮምፒውተር የወጣው ዕጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰረዘ። የከተማው አስተዳደር የሰጠው ምክንያት መሥፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች በመረጃው ውስጥ መግባታቸው ነበር። በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ዕጣ የሚያወጣው ስሌት የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ሣጥኑ ውስጥ የገባው ትኬት ካልጠራ የሚወጣው አይጠራም። ሊኑክስ ናይስን ዝቅ ለማድረግ ፈቃድ የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ማን ወደ ወረፋው ይገባል፣ ቅድሚያውንስ ማን ይጽፋል የሚለው ጥያቄ ከወረፋው ስሌት እኩል የወረፋው አካል ነው።

8. ማጠቃለያ

ወረፋ ስትሠሩ እነዚህን በቅደም ተከተል መልሱ።
– ዝግጁ የሆነውንና ሌላ ነገር የሚጠብቀውን ለይታችኋል?
– የምትለኩት አማካዩን ነው ወይስ ከሁሉ አብልጦ የጠበቀውን ሰው? አማካዩ ጥሩ ሆኖ አንድ ሰው ተራ አጥቶ ሊቀር ይችላል።
– ቅድሚያ ከሰጣችሁ፣ ዝቅ ያለው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ገደብ አለው?
– ሕጉን አጥንቶ ያለተራው የሚገባን በምን ታውቁታላችሁ?
– ሰልፉ ቢረዝም መምረጡ ራሱ ስንት ይፈጃል?
– ብዙ ሰልፍ ካለ፣ አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ መፍታቱን የሚያይ አለ?
– ቁልፍ የያዘው ሰው ከሰልፉ የት ቆሟል?

ለልምምድ ሦስት ጥያቄ እንተውላችሁ። አንደኛ፣ በማታሩ ምሳሌ እናትየዋ ቀድማ ነጋዴው መጨረሻ ቢደርስ የ"ቀድሞ የመጣ ቀድሞ" አማካይ ስንት ይሆናል? ከመጀመሪያው መልስ ጋር አነጻጽሩና ልዩነቱ ከምን እንደመጣ አስረዱ። ሁለተኛ፣ ኳንተሙ 20 ደቂቃ ቢሆን ራውንድ ሮቢን ከየትኛው አሠራር ጋር አንድ ይሆናል? ሦስተኛ፣ በግቢያችን ከምታውቋቸው ሰልፎች አንዱን ምረጡ፤ ካፌ፣ ሬጅስትራር ወይም ክሊኒክ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰልፍ ቢጠብቅ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ጻፉና አንድ ለውጥ ብቻ አስቡለት። ለውጡ የሚያቆየውንም ሰው አብራችሁ ጻፉ፤ የሚያቆየው ሰው የሌለ ከመሰላችሁ እንደገና ተመልከቱት።

በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ ማስታወሻ ስለሚከፋፈልበት መንገድ እናጠናለን። እስከዚያው አላህ እውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።